የወላጁ ላም

ሜልቦርን፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህር ደሞዝ፣

ባሮ በመጠን ሞልቶ፣ በመጠን ጎድሎ፣ ክረምቱን በሰላም ያሻገረዎ ብዬ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። አጎቴ ጋትኬክም ደኅና ነው፤ ጉልበቱን ብቻ ያመዋል።

ሦስት ዓመት ሳልጽፍልዎ ቀረሁ። ምክንያት ፈልጌ ነበር፣ አላገኘሁም። እንዲሁ ይቅር ይበሉኝ። አማርኛዬም ዝጓል። እዚህ ከአጎቴ ጋር በኑዌር፣ በሥራ ቦታ በእንግሊዝኛ ነው የማወራው። የተሳሳትኩት ካለ እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ ያስምሩበት።

ወሬው ይኸው፤ ላገባ ነው። ኳች ይባላል። የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ወላጆቹ ኢታንግ ናቸው፤ የአጎቴ ታናሽ ወንድም ጃል ያውቃቸዋል። የጥሎሹንም ከብት እዚያው ኢታንግ ጃል እየተረከበ ነው። እኔ እዚህ መጦሪያ ቤት የሽማግሌ አልጋ ሳነጥፍ፣ እዚያ በእኔ ስም ላም ይገባል። ሁሉም ደስ ይበልሽ ይሉኛል። ደስ ሳይለኝ አይቀርም፤ ሰውነቴ ግን ገና አልሰማም።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። የጋብቻው ፎርም የአባት ስምና የትውልድ ቦታ ይላል። ስሙን ጩዎል ብዬ ሞላሁ፤ ቦታውን አላውቅም። ደግሞ በሠርጉ ቀን ፓስተሩ የሞቱ ወላጆችን ስም ከነዘመናቸው ያነሣል። የእናቴን አውቃለሁ፣ 1997 ነው። አባቴ መቼ እንደሞተ ግን ማንም በትክክል አይነግረኝም። አጎቴን ስጠይቀው «ዝናብ የበዛበት ዓመት» ይላል። እዚያ አገር ዝናብ ያልበዛበት ዓመት አለ እንዴ? እርስዎ አባቴ ከሞተ በኋላ ከእናቴ ጋር የኖሩ፣ እኔንም ያሳደጉ ሰው ነዎት። ሁሉን ነገር በደብተር ስለሚጽፉ ያውቁታል ብዬ ነው።

አክባሪዎ፣
ኛይየን ጩዎል


ጋምቤላ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኛይየን፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል። ባሮ በመጠን አልሞላም፤ ከዳር ያሉትን ቤቶች ጎብኝቶ፣ የሁለት ሰው ፍየል ይዞ ሄደ። እኛ ግን አለን። አንቺንም ያለሽበት ያቆይሽ።

ሦስት ዓመት ስላልሽው፣ እኔም አልጻፍኩም፤ ባዶ ለባዶ ነን። አማርኛሽ እንደፈራሽው አይደለም። ያሰመርኩት ሁለት ቦታ ብቻ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ይኼን ያህል ቢጽፍልኝ ኖሮ ጡረታ አልወጣም ነበር።

በስልክ ያልመለስኩልሽ ስልክ ስለማልወድ ነው። ግራ ጆሮዬ ከተኛ ዓመታት አልፈውታል፤ ቀኙም ግራውን እያየ መስነፍ ጀምሯል። ይኼን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም የሚልክልሽ አብኔር ነው። ከአንቺ አራት ክፍል ይበልጥ የነበረው፣ ቀጭኑ። አሁን የለቀቅኩትን ወንበር ይዞ አማርኛ ያስተምራል። ኔትወርክ ሲኖር ይልክልሻል፤ ሲጠፋ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል።

ወደ ጥያቄሽ። ጩዎል የተወለደው ከድንበሩ ማዶ፣ ናስር ከተማ ነው። ያረፈው ኢታንግ፣ ሰኔ 1986 ዓ.ም.፣ በወባ። ደግ ሰው ነበር ይላሉ። እኔ በአካል አላውቀውም።

የእኔ ወሬ የሚያስቅ ነው። ትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነው። አብኔር ለበዓሉ «በር ዘጊው»ን ለመድረክ አበቃለሁ ብሎ ተነሥቷል። ያን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩትን አሮጌ ተውኔት። ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ፤ አስተማሪ መድገም አይሰለቸውም። የገዢው ወታደሮች ለግቢ የሚሆኑ ልጃገረዶች እየለቀሙ ወደ አንድ ሽማግሌ ደጅ ይመጣሉ። ልጁ ቆጥ ላይ ናት። እሱ በሩ ላይ ቆሞ «ልጄ አይደለችም፤ ከገበያ ያገኘኋት ገረድ ናት» ይላቸዋል። ወታደሮቹ ገረድ ንቀው ይሄዳሉ። ልጅቱ ግን ከላይ ሆና ሰምታዋለች። እስኪሞት ድረስ አታናግረውም። ፈተናው ላይ ሁልጊዜ የማወጣው ጥያቄ ትዝ ይልሽ ይሆናል፤ «አባት ወይስ ፈሪ? በምክንያት አስረዱ። (10 ነጥብ)»። አንቺ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሆነሽ የአሥራ አንደኛዎቹን ወረቀት ስታነቢልኝ፣ ጠርዙ ላይ «ፈሪ ነው። አባት ቢሆን ይሞት ነበር» ብለሽ የራስሽን መልስ ጻፍሽ። አሥር ሰጠሁሽ። በምክንያት ላስረዳ ሁሉ አሥር ነበር የምሰጠው።

አባትየውን እንድሠራ ለምኖኝ እሺ ብያለሁ። ጢም ከጥጥ ይሠራልኛል፤ በዚህ ሙቀት።

ገንዘብ እንዳትልኪ። ከተመቸሽ ግን የማንበቢያ መነጽር፣ ቁጥር ሁለት ተኩል።

ደሞዝ


ሜልቦርን፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ደሞዝ፣

ሰላም ለቤትዎ፣ ሰላም ለደጅዎ ይሁን።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ስድስት ሳምንት ሆነው። ያልመለስኩት እየቆጠርኩ ስለነበር ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ እኔ ግን ደጋግሜ ቆጠርኩት። ጩዎል የሞተው ሰኔ 1986። እኔ የተወለድኩት መጋቢት 1989። ሰው እናቱ ሆድ ውስጥ ሦስት ዓመት አይቆይም።

አጎቴን ጠየቅኩት። ሳቀ። መምህር፣ ከልቡ ነው የሳቀው። «ታዲያስ?» አለኝ። «ለእናትሽ ከብት የከፈለው ጩዎል ነው። እናትሽ የጩዎል ሚስት ናት። እሱ ቢሞትም የምትወልደው የጩዎል ልጅ ነው። የሞተ ሰው ስሙ እንዳይጠፋ አባቶቻችን እንዲህ ሠሩልን። አንቺ አሥራ ሦስት ዓመት ነጭ አገር ኖረሽ ነው ይኼ የከበደሽ።» እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው? አልኩት። «ኢታንግ ሁሉ ያውቃል» አለኝ። «ምሥጢር ስላልሆነ ነው ማንም ያልነገረሽ።»

ታዲያ የወለደኝ ማን ነው? ስለው ሻዩን ጠጣ። «እሱን መምህርን ጠይቂ» አለኝ።

ስለዚህ እየጠየቅኩዎ ነው።

ተናድጄ የምጽፍ እንዳይመስልዎ። መናደድ ነበረብኝ፤ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት፣ አልመጣም። በማግሥቱ ሥራ ገባሁ፣ ስምንት አልጋ አነጠፍኩ፣ ምሳ በላሁ። ኳች «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ ምንም አልኩት፤ ውሸትም አልነበረም።

መነጽሩን ገዝቼአለሁ። ወደዚያ የሚመጣ ሰው እየጠበቅኩ ነው።

ኛይየን


ጋምቤላ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኛይየን ጩዎል፣

እንደምን ሰነበትሽ? የምትቀመጪበትን ወንበር፣ የምትተኚበትን አልጋ የሰላም ያድርግልሽ።

ሙሉ ስምሽን የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። አጎትሽ የነገረሽ ትክክል ነው። በኑዌር ሕግ አንቺ የጩዎል ልጅ ነሽ። ይኼ ሕግ ቀበሌ ሳይኖር የነበረ ነው፤ በፎርም አይለወጥም። ባሏ የሞተባት ሴት ከሌላ ሰው ጋር ብትኖር፣ የምትወልደው ለሟቹ ነው። አብሯት የሚኖረው ሰው ይኼን አውቆ ይገባል። ካልፈለገ አይገባም።

ሰኞ ዕለት ጃል ከኢታንግ መጥቶ ነበር። ለምን እንደመጣ ልንገርሽ፤ ሠርጉ ያንቺ ነው፣ ማወቅ አለብሽ። ከሚገባው ከብት ውስጥ አንዲት ላም አለች። የወላጁ ላም ናት። ስሙም ከብቱም ለጩዎል ወገን ይሆንና፣ ልጅቱን በሥጋ የወለደ ሌላ ሰው ካለ አንዲት ላም ድርሻው ናት። ይችን ላም የወሰደ ሰው በገበያ መካከል ቆሞ «የወለድኳት እኔ ነኝ» እንዳለ ይቆጠራል። ካልወሰደ ደግሞ ላሟ ከሌሎቹ ጋር ትቀላቀላለች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያነሣውም።

ጃል «ትወስዳለህ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ላም የማስርበት ቦታ የለኝም አልኩት። ግቢዬን ዞር ብሎ አየ፤ አራት ላም ያስራል። ትሑት ሰው ነው። «እስከ ሠርጉ ቀን ትጠብቅሃለች» ብሎ ሄደ።

ሌላው ጥያቄሽ በአብኔር ቴሌግራም የሚመለስ አይደለም። ይኼን ሁሉ እያነበበ ነው የሚያነሣው። (አብኔር፣ ዓይንህን ከወረቀቱ ላይ አንሣ።)

ልምምዱ ቀጥሏል። ወታደር የሆኑት ልጆች ሲገፉኝ ይቅርታ ይሉኛል። እንዴት ያለ ወታደር ነው ይቅርታ የሚለው?

ደሞዝ


ሜልቦርን፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ደሞዝ፣

ጤናዎን እየለመንኩ ሰላም እላለሁ።

አብኔር የልምምዱን ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ለጥፎት አየሁት። ዕረፍት ሰዓቴ ነበር። እርስዎ ጋቢ ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ወታደሩ «ልጅህ ናት?» ይላል። እርስዎ «ልጄ አይደለችም» ይላሉ። እዚያ ላይ አቆምኩትና መልሼ አየሁት። ያ ድምፅ ነው። እኔ የማውቀው ድምፅ።

እርስዎ ረስተውት ከሆነ እኔ ላስታውስዎ። 2002 ነው፤ ከተማው የታመሰበት ሳምንት። በጭነት መኪና ወደ ኢታንግ ወደ አጎቶቼ እየወሰዱኝ ነበር። ከተማው መውጫ ላይ መንገዱን በግንድ ዘግተውታል። ዱላ የያዙ ልጆች ናቸው፤ ደገኛ ነበር የሚፈልጉት፣ እንደ እርስዎ ከደጋ የመጣ ሰው። እርስዎን አዩ፣ እኔን አዩ። እኔ ቀይ ነኝ። ሁለታችንንም ከጋቢና አወረዱን። አንዱ «ልጅህ ናት?» አለዎ በኑዌር። እርስዎም በኑዌር መለሱ፤ «ልጄ አይደለችም። የጩዎል ልጅ ናት። ጠይቋት።» ድምፅዎ አልተንቀጠቀጠም። ክፍል ውስጥ ግጥም እንደሚያነቡት ነው ያሉት።

እነሱም አባቶችሽን ቁጠሪ አሉኝ። ቆጠርኩ። ጩዎል፣ ቱት፣ ሉዋል፣ ዳክ፣ ቢየል፣ ኮንግ፣ ጋች። ሰባቱንም ሳልሳሳት። አንዱ ልጅ «የእኛ ናት» አለ። እኔን መኪናው ላይ መለሱኝ፤ እርስዎን አስቀሩ። ሹፌሩ ነዳ። ዞሬ አላየሁም። ተቆጥቼ ነበር፤ ዞሬ ባለማየቴ የቀጣሁዎ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የአጎቴ ወደዚህ መምጫ ወረቀት ተጠናቀቀ፣ እንደ ወንድሙ ልጅ አስመዝግቦኝ መጣሁ። እርስዎን ዳግም አላየሁም።

እዚህ የማጥበው አንድ ሽማግሌ አለ። ሴት ልጁ በየሳምንቱ ትመጣለች። ይረሳታልና «ልጄ አይደለችም» ይላል። እሷ ትስቅና ሻይ ታጠጣዋለች። እኔ አንሶላ እቀይራለሁ።

ያን ጊዜ የእንጀራ አባቴ ነዎት ብዬ ስለማስብ፣ ቢያንስ እውነቱን ነው የተናገረው እል ነበር። አሁን ያም የለኝም። ስለዚህ ጥያቄዬን ልለውጠው። ያን ቀን የተናገሩት ሕጉን ነው? ተውኔቱን ነው? ወይስ ልብዎን?

ኛይየን


ጋምቤላ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኛይየን፣

ገናን በደኅና ዋልሽ? እኛ ውለናል።

ኔትወርክ ለሁለት ሳምንት ጠፍቶ ነበር ብል እውነት ነው፤ የቀረው መዘግየት የእኔ ነው። መልስ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። የተማሪ ቢሆን ዜሮ የምሰጠው ዓይነት ነበር።

ተውኔቱ ታኅሣሥ 26 ታየ። አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት ያዩ ነበሩ። ጢሙ በላብ ተላቅቆ አንዱ ጎን ተንጠለጠለ፤ ሰው ሳቀ፣ እኔም አልፈረድኩበትም። ያቺን ዐረፍተ ነገር ስደርስ እደናቀፋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተደናቀፍኩም። አንድ ጊዜ ያላት ሰው ሁለተኛ ማለት አይከብደውም። ወታደሮቹ ሄዱ፣ ቆጥ ላይ ያለችው ልጅ አለቀሰች፣ ሰው አጨበጨበ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጬ ውሃ ጠጣሁ። ምንም አልተሰማኝም። እንዲህ ያለውን ነገር አንቺ ብቻ ያመጣሽው አይምሰልሽ፤ ከእኔ ነው የወረስሽው።

ይኼን ጻፍኩ እንግዲህ። አልቀደውም።

መነጽሩን ተይው።

ደሞዝ

(እህቴ ኛይየን፣ እኔ አብኔር ነኝ። መምህር ይኼን እንደጨመርኩ አያውቁም። መድረክ ላይ ወታደሮቹን በሙሉ ከመምህር በስተቀኝ ነው ያቆምኳቸው፤ በግራ ከሆነ ቃለ ተውኔቱን አይሰሙትም። ጆሮአቸውን ያጡት የዚያን ቀን በዱላ ነው። ከግንዱ አጠገብ አንሥተን ሐኪም ቤት ያደረስናቸው እኔና ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ነበርን። ራሳቸውን ስተው ነበር። ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁን መኪናው ኢታንግ መድረሱን ነው። ለአንቺ እንዳንነግር አስምለውናል። ዛሬ ግን የራሳቸውን ወረቀት ሳይ መሐላዬን አፈረስኩ። ይቅር በሉኝ፤ ሁለታችሁም።)


ሜልቦርን፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ደሞዝ፣

ሰላም ይሁኑ።

አብኔርን እንዳይቆጡት። ስለ ጆሮዎ ነግሮኛል።

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የተቆጣሁት ባልሰማ ጆሮ ላይ ነው። ማልቀስ ይገባኝ ነበር። የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ለአንድ ሰዓት ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ሞተር አስነሥቼ ቤቴ ሄድኩ።

ላሟን ይውሰዱ አልልም፣ ይተዉም አልልም። የእርስዎ ነገር ነው። ሠርጉ የካቲት 1 ነው። ፎርሙ ላይ ጩዎል ብዬ ሞልቻለሁ፤ አልቀይረውም። ዕዳ አለብኝ፣ ያ ስም በሕይወት አቆይቶኛል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሰባቱን አባቶቼን ማን አስጠናኝ? እናቴ ናት ስል ኖሬአለሁ። ትናንት ግን ትዝ አለኝ፤ እናቴ አምስተኛው ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትሳሳት ነበር። የሚያርማት ሰው ነበረ።

ኛይየን


ጋምቤላ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኛይየን ጩዎል፣

ትዳርሽን የተባረከ፣ ጎጆሽን የሞላ ያድርግልሽ። ኳችንም መንገዱን ያቅናለት፤ የብዙ ሰው ነፍስ የሚነዳ ሰው ነው።

ይኼ ደብዳቤ በቴሌግራም አይመጣም። አብኔር ለስብሰባ አዲስ አበባ ስለሚሄድ ከዚያ በፖስታ እንዲልከው ሰጥቼዋለሁ። በሙጫ አሽጌዋለሁ። አልተቆጣሁትም፤ መሐላውን ስላፈረሰ አንድ ሳምንት ሰላምታ ነሥቼው ነበር፣ ይበቃዋል።

ያስጠናሁሽ እኔ ነኝ። እናትሽ ነፍሷን ይማርና ቢየልንና ኮንግን ታቀያይር ነበር። እኔ ከጃል አፍ እየሰማሁ በደብተር ጻፍኩት። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀብን፤ «ደገኛ ይኼን ምን ያደርግለታል?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። አራት ዓመትሽ ነበር። ከእራት በኋላ ያንን ካላልሽ ማንጎ አልሰጥሽም ነበር። ዘፈን መስሎሽ እየዘለልሽ ትይው ነበር።

ምክንያቱን ላስረዳ። ቀይ ሆነሽ ስትወለጂ እናትሽ ደስ አላት፤ እኔ ፈራሁ። በዚህ ከተማ አንድ ቀን አንድ ሰው «የማን ነሽ?» እንደሚልሽ አውቅ ነበር። የምትመልሺው የእኔን ስም ከሆነ ያለሽ አንድ ስም ነው፤ ከእኔ በላይ ያሉት ወሎ ተቀብረዋል፣ እዚህ ማንም አያውቃቸውም። የጩዎልን ከሆነ ግን ሰባት ሰው ከኋላሽ ይቆማል። አንዱን ከሰባቱ አወዳደርኩ። የሒሳብ መምህር አይደለሁም፤ ይኼ ግን አልከበደኝም። «አባባ» ስትይኝም «መምህር በይኝ» ያልኩሽ ለዚሁ ነው። ሰው ፊት ከአፍሽ እንዳያመልጥሽ።

አሁን ጥያቄሽን ልመልስ። የተናገርኩት ሕጉን ነው፤ ድምፁን የተዋስኩት ከተውኔቱ ነው። በራሴ ድምፅ ብል ኖሮ ይነቃብኝ ነበር። ልቤን ጠየቅሽኝ። ያን ቀን ልቤን አልጠራሁትም፣ ቢመጣ ያጋልጠናል ብዬ። ከዚያ ወዲያ ስጠራው አልመጣም። ደንዝዞ ኖሯል፤ እንዲህ ነው እውነቱ። ዱላው አላሳዘነኝም። ያሳዘነኝ መኪናው ሲሄድ አንገትሽን ማየቴ ነው፤ ዞር አላልሽም። ጎበዝ፣ አትዙሪ፣ አልኩ በሆዴ። ብትዞሪ ፊትሽ ይናገር ነበር።

ላሟን ልተዋት ወስኜ ነበር። በአደባባይ «ልጄ አይደለችም» ያልኩ ሰው፣ ቀን ሲወጣ በምን አፌ ላም እወስዳለሁ? ደብዳቤሽ ሲመጣ ግን አሰብኩት። በአደባባይ ያልኩትን የምመልሰው በአደባባይ ነው፤ በወረቀት ብነግርሽ አንቺ ብቻ ትሰሚዋለሽ።

የካቲት 1፣ አንቺ በምታገቢበት ዕለት፣ በመኪና ኢታንግ ሄድኩ። ጃል በረቱ ደጅ ቆሞ ነበር። ምንም ሳይጠይቀኝ ገመዷን ሰጠኝ። ከአንገቷ ነጭ፣ ከወገቧ ቡሬ ናት፤ እርጉዝ ናት ይላሉ። ጃል «በአይሱዙ ላስጭንልህ» አለኝ። አይሆንም አልኩ። ተጭና ከሄደች ማን ያያታል? በገበያው መካከል ነዳኋት። ጎመን የሚሸጡ ሴቶች ተነሥተው እልል አሉ። አንዲቱ «መምህር፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አለችኝ። አፈርኩ። ግን መንዳቴን አልተውኩም።

መንገድ ላይ ከዘመድ ቤት እያደርኩ በሦስተኛው ቀን ከተማ ደረስኩ። እግሬ አብጧል። ግንዱ በነበረበት ቦታ ዛሬ ኬላ አለ፤ ገመድ ተዘርግቶ አንድ ወጣት ፖሊስ ተቀምጧል። ጥላው ሥር እንጀራ በወጥ እየበላ ነበር። «አባባ፣ ላሟ የማን ናት?» አለኝ። በግራዬ በኩል ስለነበር አልሰማሁትም፤ ደገመልኝ።

«የእኔ ናት። ልጄ አግብታ ነው» አልኩት።

«ልጅ አለዎት እንዴ?»

«አለችኝ። የወለድኳት እኔ ነኝ።»

ያን ያህል እንድናገር አልጠየቀኝም። ገመዱን ዝቅ አደረገልኝ፤ ላሟ ተሻገረች። ያኔ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ልጁ ምግቡን ትቶ ውሃ አመጣልኝ። አለቀስኩ ኛይየን፣ የስልሳ ሦስት ዓመት ሽማግሌ፣ ላም ይዤ። ፖሊሱ የደከመኝ መሰለው።

ላሟን ማንጎው ሥር አስሬአታለሁ። ሣር ይጠፋብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይዞ ይመጣል፣ ወሬም ለመስማት ነው። ወተት እንደማይስማማኝ ታውቂያለሽ።

ያን የፈተና ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ለሰው አውጥቼ እኔ አልመለስኩትም ነበር። መልሴ፤ አባትም ነው፣ ፈሪም ነው። በምክንያት አስረድቻለሁ። ለራሴ አምስት ሰጥቻለሁ።

የሠርግሽን ፎቶ በወረቀት አሳትመሽ ላኪልኝ። ስልክ ላይ ያለውን ግድግዳ ላይ አልሰቅለውም።

አባትሽ፣
ደሞዝ


ሜልቦርን፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ደሞዝ፣

እግርዎ እብጠቱ ይጉደል፤ ላሟም በሰላም ትገላገል።

«አባባ» ብዬ ልጀምር ሞክሬ ነበር፤ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ምላሴ አልለመደውም። ለጊዜው መምህር ይሁን፤ አይቀየሙኝ።

ፎቶውን በዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌአለሁ። ፓስተሩ የጩዎልን ስም አነሣ፣ ናስር የተወለደ፣ በ1986 ያረፈ ብሎ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። እኔም ቆምኩለት፤ ይገባዋል።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሥራ ቦታ፣ የአንሶላው ክፍል ውስጥ ነው። ኬላው ላይ ስደርስ ሁለት እጄ ደነዘዘ። ከዚያ ብርድ ያደነዘዘው እጅ ሲሞቅ እንደሚያመው አመመኝ። እያለቀስኩ ስድስት አልጋ አነጠፍኩ። ያ ሽማግሌ አየኝና «ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። የራሱን ልጅ አያውቅም፣ እኔን ልጄ አለኝ።

ላሟን እንዳይሸጧት። ከወለደች በኋላ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ እኔና ኳች እንመጣለን። ቲኬቱን ትናንት ቆርጠናል። መነጽሩን ራሴ ይዤ እመጣለሁ።

የጎደለውን አምስት ነጥብ እኔ ሞልቼዋለሁ።

ማታ ኳች ከሥራ ሲገባ ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ አየው። «ማን ነው የጻፈልሽ?» አለኝ።

«አባቴ» አልኩት።

ጫማውን እየፈታ «የትኛው?» አለ። ኑዌር ነው፤ ጥያቄው ለእሱ ተራ ነው።

«ያለው» አልኩት።

ልጅዎ፣
ኛይየን ጩዎል